2147483647፦ ሽያጫችንን ዕዳ ያደረገው ቁጥር

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 46 ደረሱ፤ አዲስ የሚገባው ሁሉ ደግሞ 3ኛው ላይ የተመለሰውን እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ ከላይ ጀምሬ በራሴ አባባል ላስቀምጠው። የማንንም ጽሑፍ አልቀዳሁም። አዛብተሽብኛል የሚል ካለ ቁጥሩን ይጥቀስልኝ፣ አስተካክላለሁ።

መጀመሪያ የለጠፍኩት እንዲህ ነበር። የምሠራው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ አካውንታንት ነኝ። ሶፍትዌራችን ያረጀ ነው፣ የሠራልን ልጅም ስልክ ካላነሳ ዓመት አልፎታል። የወሩን ሒሳብ ስዘጋ የሽያጩ ድምር ከዜሮ በታች 21,446,472 ብር ከ96 ሳንቲም ብሎ ወጣ። ዕቃ ሸጠን ባለዕዳ! አትሜ ለአለቃዬ ወሰድኩለት። ወረቀቱን ገለበጠው፣ ከጀርባው ማብራሪያ ያለ ይመስል ትንሽ አየውና መልሶ ሰጠኝ። ኔትወርክ የሚያይልን ልጅ ኮምፒውተሩ ከ2147483647 በላይ መቁጠር እንደማይችል ነገረኝ። ሊወጣ ሲል ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር መሆኑን፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም እንደማይካፈል ጨመረልኝ።

እኔ ሁለቱን ወሬ አጋባኋቸው። ማታ ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ ቁጭ ብዬ፣ ኮምፒውተር እዚህ ቁጥር ላይ የሚሰናከለው ቁጥሩ ስለማይካፈል ነው ብዬ ለጠፍኩ። እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ግኝት ነበር የጻፍኩት። አሁን ሳየው ያሳፍረኛል፤ ግን አላጠፋሁትም። ባጠፋው 6ኛው መልስ ማን ላይ እንደሚጮህ አይታወቅም።

1ኛው መልስ ሰላምታ ነው፤ ጤና ይስጠው፣ ሌላ ነገር የለበትም። 2ኛው ግን ኮምፒውተር ከሰው ውጭ እንደማይሳሳት፣ ገንዘብ ያዧን መመርመር እንዳለብን ይመክራል። ገንዘብ ያዣችን ዘጠኝ ዓመት ምሳ አብረን የበላን ሰው ናት፤ የመለስኩለት ቃል አጭርና ደረቅ ነበር። እንደ ወንድ አድርጎ የጻፈልኝንም በዚያው አረምኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እህቴ ይለኝ ጀመር፣ 6ኛው ሲቀር።

3ኛው መልስ የችግሩን ሥር ነካ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ድምር የሚያስቀምጠው 32 ቦታ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። አንዱ ቦታ ለምልክት ይያዛል፤ 31 ይቀራሉ። በእያንዳንዱ ቦታ የሚገባው 0 ወይም 1 ብቻ ነው። 31ዱም በ1 ሲሞሉ የሚገኘው ቁጥር 2³¹ − 1 ነው፤ ማለትም 31 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ፣ 2147483647። ሠሪው ነጥብና ሳንቲም እንዳያስቸግረው ሁሉን በሳንቲም እየቆጠረ ስለነበር፣ ጣሪያችን 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ሲሠራ በወር ሃያ አንድ ሚሊዮን ብር እንሸጣለን ያለ ሰው አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ያው የፍሬን ሸራ፣ ያው የዘይት ማጣሪያ፣ ዋጋው ሌላ ነው። የሸጥነው ዕቃ አልበዛም፤ ዜሮው ነው የበዛው።

4ኛው ታክሲ ነጂ ነው። የድሮ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ እንደሚዞር አስታውሶ፣ የእኛም ነገር እሱ መሆኑን ጻፈ። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ 5ኛው ግን አንድ ነገር አቃናበት። የእኛ ቆጣሪ ሲሞላ ዜሮ ላይ አያርፍም። ወደ ታችኛው ጫፍ ይወድቅና ከዜሮ በታች 2147483648 ላይ ሆኖ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። የአንድ ዙር ርዝመት 2³² ሳንቲም ነው፣ 42,949,672 ብር ከ96 ሳንቲም። ስለዚህ ከዚህ ላይ በስክሪኑ የታየውን ዕዳ ብቀንስ እውነተኛው ሽያጭ ይገኛል፤ ብሎ ራሱ ቀነሰልኝ፦ 21,503,200 ብር ከ00 ሳንቲም። ሳንቲሙ ባዶ ሆኖ መውጣቱን ሳይ ነው ልቤ የደነገጠው። እኛ በሳንቲም አንሸጥም።

6ኛው። ይህን የጻፈው ሰው አስተማሪ ነኝ አላለም፤ የያዘው ግን ቀይ እስክሪብቶ ነው። የእኔን ግኝት ከመሠረቱ አፈረሰው። ሣጥኑ 16 ቦታ ቢኖረው ጣሪያው 32767 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ 7 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ151 ነው፣ ብቸኛ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ግን እዚያም ላይ ያው ይቆማል። 64 ቦታ ላለው ሣጥን ጣሪያው 9223372036854775807 ነው፤ ይህም በ7 ይካፈላል፣ በ7 የተካፈለው እንደገና በ7 ይካፈላል፣ በ73 እና በ127ም እንዲሁ። እና መቆሙ የሣጥኑ ጉዳይ ነው፤ ብቸኛ መሆኑ የ31 ዕድል ነው። ምክንያቱንም በሁለት መስመር አስቀመጠው። የሁለቶቹ ብዛት የሚካፈል ከሆነ ቁጥሩም ይካፈላል። 15 ማለት 3 ሲባዛ በ5 ስለሆነ 2³ − 1 እና 2⁵ − 1፣ ማለትም 7 እና 31፣ 32767ን ያካፍሉታል። 63ም በ7 ስለሚካፈል 127 ይገባበታል። 31 ግን ራሱ አይካፈልም። ይህን ሁሉ ካስረዳ በኋላ ካልኩሌተር ይዤ የምውል ሰው ሆኜ አንዴ እንኳ ሳልሞክር መለጠፌ እንዳሳዘነው ጨመረበት። እውነቱን ነው፤ ግን ያናድዳል።

7ኛዋ እሱን ቆጣችው። የጠየቀን ሰው ማዋረድ ዕውቀት እንዳልሆነ፣ በዚህ ዓይነት ነው ልጆች ሒሳብ የሚጠሉት ብላ ጻፈች። 8ኛው ላይ ተመልሶ ይቅርታ የሚመስል ነገር ጻፈና፣ በዚያው እስትንፋስ 7ኛዋ አንድ ቁጥር እንኳ ሳትጠቅስ መናገሯን አነሳባት። ያ መጓነጥ 20ኛው ላይም ተመልሶ መጥቷል። አልፌዋለሁ።

9ኛው እኔ ነኝ። በማግሥቱ የወሩን የደረሰኝ ጥራዞች በሙሉ አወጣሁ። ከገንዘብ ያዧ ጋር እሷ እያነበበች እኔ እየመታሁ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንደምር ዋልን። አንዷ የካርቦን ኮፒ ደብዝዛ በመስኮቱ ብርሃን ነው ያነበብናት፤ 4,750 ናት። ድምሩ 21,503,200 ብር ከ00 ሳንቲም። ገንዘብ ያዧ ካልኩሌተሩን ወደ ራሷ አዙራ አየችው፣ ሳቀችና ቡና አስመጣች። 2ኛው መልስ ላይ የጻፈው ሰው ይህን ካነበበ እስካሁን ቃል አልተነፈሰም።

እዚህ ላይ ክሩ ማለቅ ይችል ነበር። 10ኛው ላይ ግን እኔው ራሴ ሌላ ነገር ጠየቅኩ፦ ብቸኛ ነው የሚባለውን በምን አወቁት? አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ሁሉንም ሞክሮ የጨረሰ ማን ነው?

11ኛው በቅንነት መለሰ። ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም፤ አካፋይ ካለው አንዱ ከ46,340 አይበልጥም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ከዚያ ከበለጡ ብዜታቸው ቁጥራችንን ያልፋል። ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4,792 ናቸው። 12ኛው ሥራ ለሌለው ሰው መልካም ሥራ ነው ብሎ ቀለደ።

13ኛው፣ ስሙን ስድስት ኪሎ ብሎ የሚጽፈው፣ የክሩ ምርጥ መልስ ነው ባይ ነኝ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 በታተመ ደብዳቤው ይህን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አሳይቷል፤ በዚያን ጊዜ ዓይኑ ማየት ትቶ ነበር ማለት ይቻላል። መንገዱ ይህ ነው። የ2³¹ − 1 አካፋይ ሊሆን የሚችል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ62 ሲካፈል የግድ 1 መቅረት አለበት። በሌላ ሕግ ደግሞ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የማይቀርበትን ሁሉ ሳይነኩ መጣል ይቻላል። ከ63 በላይ እስከ 46,340 ድረስ የሚተርፉት 372 ብቻ ናቸው። ከእነዚያም ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ተካፋይ ስለሆኑ ይወድቃሉ፦ 249 በ3፣ 497 በ7፣ 559 በ13። የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ 311 ነው፣ ቀጥሎ ያለው እስከ 1303 የለም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አላስቻለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ በአሮጌ የባንክ ወረቀት ጀርባ 2147483647ን ለ311 በእጄ አካፈልኩት። 6905092 ደርሶ 35 ቀረ። ሳይካፈልልኝ ሲቀር የተደሰትኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ በሥራዬ ላይ ቀሪ ማለት ሌሊት አለመተኛት ነው።

14ኛው ክብሩ ለጣሊያናዊው ካታልዲ ነው ብሎ ተነሳ፤ ከኦይለር በፊት ቁጥሩን ብቸኛ ያለው እሱ ነውና። 15ኛው ስድስት ኪሎ ራሱ ነው፣ ረጋ ብሎ አረመው። ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1588 2¹⁷ − 1 እና 2¹⁹ − 1 ብቸኛ መሆናቸውን አረጋግጧል፤ እነሱ ሐቀኛ ሥራ ናቸው። 23፣ 29፣ 31 እና 37 ላይ ግን ሁሉም ብቸኛ ናቸው ብሎ ከአራቱ ሦስቱን ስቷል። 2²³ − 1 በ47 ይካፈላል፣ 2²⁹ − 1 በ233፣ 2³⁷ − 1 በ223። አራት ጊዜ ተኩሶ አንዱን የመታ ሰው አነጣጥሮ ነው ለማለት ይከብዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ 23፣ 29 እና 37 ራሳቸው ብቸኛ ናቸው። እንግዲህ የ6ኛው ሕግ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚሠራው።

16ኛው እና 17ኛው ብቸኛ ቁጥር ይባል ወይስ ፕራይም በሚለው ተጨቃጨቁ። አንዱ ብቸኛ ሲባል ያላገባ ይመስላል አለ። ይለፈኝ።

18ኛው ስለ ማባዛት አመጣ። በእጥፍና በግማሽ የሚሠራው ማባዛት በውጭ አገር መጻሕፍት በእኛ አገር ስም እንደሚጠራ፣ 13ን በ24 ማባዛት ሲፈለግ በአንድ ወገን 13፣ 6፣ 3፣ 1 እያሉ እያጋመሱ ትርፉን መጣል፣ በሌላው 24፣ 48፣ 96፣ 192 እያሉ ማጠፍ፣ ከዚያ ተጋማሽ ቁጥር የቆመበትን መስመር ሰርዞ የቀረውን መደመር መሆኑን አሳየ። 6 ትይዩ ያለው 48 ይሰረዛል፤ 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው እንቁላል ነጋዴ አያቱን ነው። 19ኛው በጣም ተቆጣ፤ ጥንታዊ ግብፃውያን ከ3,500 ዓመት በፊት በፓፒረስ ላይ በእጥፍ ሲያባዙ እንደነበር፣ ሁሉን የእኛ ማለት በሽታ መሆኑን ጻፈ። 18ኛው የኔ አያት ፓፒረስ አላነበቡም ብሎ ዘጋው። እኔ ግን ከክርክራቸው ይልቅ 21ኛው የጨመረው ነገር ገባኝ። የተሰረዘውን መስመር 0፣ የቀረውን 1 ብትሉት፣ የኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ ያው ነው። 2147483647ን በዚህ መንገድ ብታጋምሱት ከላይ እስከ ታች 31 መስመር ይወጣል፣ አንድም የሚሰረዝ የለውም።

22ኛው ማኪያቶውን ፒያሳ የት እንደጠጣሁት ጠየቀኝ፤ የሚያውቃቸው ቤቶች ፈርሰዋልና። እስከ 26ኛው የቀጠለው የፈረሱትና የቀሩት ቤቶች ቆጠራ ነው፤ አንዱ የልጅነቱን ኬክ ቤት ያለበትን ቦታ ከመብራት ምሰሶ ተነስቶ በእርምጃ ለካልን። አወያዩ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አሳሰበ፣ እሱም ግን አንድ ቤት ጨምሮ ነው የሄደው።

27ኛዋ የግዕዝ ቁጥር የምታስተምር ናት። የእኛ አጻጻፍ በመቶና በእልፍ ስለሚሄድ ቁጥሩን ከቀኝ ሁለት ሁለት አሃዝ ቆርጦ መጻፍ እንደሚበቃ አሳየችን፦ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። ዜሮ የለንም ብላ የተቆጨችበት መስመር ነበር፤ ይህ ቁጥር ግን ዜሮ አይፈልግም።

28ኛው ስለ ፍጹም ቁጥር ነው፣ ማለትም ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ። 6 እንዲያ ነው፣ 1 እና 2 እና 3። 28ም እንዲሁ። የእኛን ቁጥር በ2³⁰ ብታባዙት 2305843008139952128 ይወጣል፤ እሱም ፍጹም ነው፣ ከሚታወቁት ስምንተኛው። እንግሊዛዊው ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ነበር፤ ጥቅም የሌለውን ነገር ለማግኘት ማን ይደክማል በሚል። 29ኛው ሳቀበት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የተነገረው፣ እስከዚያ ከተገኙት ሁሉ ትልቁ የሆነው ብቸኛ ቁጥር 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 የተቀነሰበት ነው፤ 41,024,320 አሃዝ አለው፣ የራሱንም ፍጹም ቁጥር ይዞ መጥቷል። ደክመዋል ማለት ነው።

30ኛው ያ 6ኛው ነው። ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን ለስለስ ብሎ። 372 ጊዜ ከማካፈል የሚሻል መንገድ አለኝ አለን፤ ሉካስ የጀመረው፣ ሌህመር እ.ኤ.አ. በ1930 ያጠራው። በ127 አሳየን። ከ4 መነሳት፣ በራሱ አባዝቶ 2 መቀነስ፣ ለ127 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ። 14 ይሆናል፣ ከዚያ 67፣ ከዚያ 42፣ ከዚያ 111፣ ከዚያ 0። 127 ሰባት ሁለቶች ስላሉት ከሰባት ሁለት ያነሰ እርምጃ ይፈቀዳል፣ አምስት፤ በአምስተኛው 0 ከመጣ ብቸኛ ነው። ለእኛ ቁጥር 29 እርምጃ ይበቃል። ሁለት ሰው ሞክረው 31ኛውና 32ኛው ላይ የተለያየ መልስ ይዘው መጡ፤ አንደኛው 8ኛ እርምጃ ላይ መደመር ስቶ ነበር። 7ኛዋ ለ6ኛው አመሰገነችው። ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

33ኛው እኔን ያስደነገጠኝ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ ነው፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ። ሣጥኑ እንደ እኛው 32 ቦታ ያለው ከሆነ፣ 2147483647ኛው ሰከንድ ሲያልፍ ሰዓቱ እንደ እኛ ሽያጭ ይገለበጣል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። 34ኛው ቀኑን ወደ እኛ መልሶት ጥር 11 ቀን 2030 አለ። 35ኛው ደግሞ ሦስት የጥያቄ ምልክት ብቻ፣ ከዚያም ጥምቀት።

በዚያች ሰዓት ጃንሜዳ ምን እንደሚመስል እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። 36ኛው እስከ 38ኛው ምልክት ነው፣ ተጽፏል የሚሉ ናቸው። 39ኛው ላይ አንድ አባት ገቡ፤ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ናቸው፣ ልጆቼ እያሉ ነው የሚጽፉት። ጥር 11 በየዓመቱ እንደሚመጣ፣ አንድ ሜዳ የሞላ ሕዝብ መሣሪያ ስለተበላሸ ጸሎቱን እንደማያቋርጥ ከነገሩን በኋላ፣ ዕለቱን ያለ ኮምፒውተር አወጡልን። 5500 እና 2030፣ 7530 ዓመተ ዓለም። ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒት 1882። ሁለቱ ሲደመሩ 9412። ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል። 1ን ማክሰኞ ብሎ ሲቆጠር 4 ዓርብ ነው፤ የ2030 መስከረም 1 ዓርብ ይውላል። ከዚያ እስከ ጥር 11 ያለው 130 ቀን ነው፣ በ7 ተገድፎ 4 ይቀራል፤ ከዓርብ አራት ቀን ማክሰኞ። 33ኛው በስልኩ የቀን መቁጠሪያ አይቶ ማክሰኞ መሆኑን አረጋገጠ። 40ኛው ላይ እኔ አባ ብዬ አመሰገንኳቸው። የ5ኛውን ዙር፣ የኦይለርን 248፣ የእሳቸውን 7 ጎን ለጎን ጽፌ ሳይ፣ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ መሰለኝ፤ ዙሩን ገድፎ ቀሪውን መያዝ።

41ኛው የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ሣጥኑን ወደ 64 ቦታ ብናሳድገው አዲሱ ጣሪያ 92,233,720,368,547,758 ብር ከ07 ሳንቲም እንደሚሆን ጻፈልኝ፣ ሥራውንም በሁለት ቀን ሠራው። 42ኛው በዚህ ኑሮ እሱንም እናየዋለን አለ። 43ኛው እና 44ኛው ገንዘብ ያዧን እንድንመረምር የሚመክሩ አዲስ ገቢዎች ናቸው።

45ኛው የእኔ ነው። 1303 ላይ 226 እንደቀረኝ ጽፌ፣ ቀጥሎ ያለው 1489 መሆኑን፣ ማታ ጊዜ ያለው እንዲሠራልኝ ለመንኩ። 46ኛው ዛሬ ጠዋት መጣ፤ ሰላምታ የለውም፣ 199 እንደሚቀር ብቻ ይናገራል። ምሳ ሰዓት ላይ ራሴ አካፍዬ አመሳከርኩት። ልክ ነው። ቀጣዩ 2543 ነው።